«የማን ልጅ ነህ?» የሚሉበት መንገድ

(በተመራቂዎች ማኅበራችን የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



የዝግጅት ኮሚቴው ደውሎ «በሙያህ ዙሪያ ትንሽ ተናገርልን» ሲለኝ፣ እንደ መንገድ መሐንዲስ ስለ አስፋልትና ስለ ድልድይ የማወራ መስሏቸው ነበር። ይቅርታ ይደረግልኝና ዛሬ የማወራው ስለ ሳይክል ነው። ግዴለም ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ነገር ግን ከዚህ ግቢ ከወጣሁ በኋላ ስለ መንገድ ያገኘሁትን ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ከአሮጌ ሳይክል ኮርቻ ላይ ነው። ትምህርቱ ውስጥ የራሴ ጥፋትም አለበት፤ እሱንም አልደብቃችሁም።

የተወለድኩት ፎንቆ ነው። ከቡታጅራ በወራቤ አድርጋችሁ ወደ ሆሳዕና ስትመጡ የምታልፏት ከተማ ናት፤ የአና ሌሞ ወረዳ መቀመጫ። አብዛኞቻችሁ አልፋችኋታል። ወርዳችሁባታል ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። አላፍርባችሁም፤ ተወላጁ ራሴ ለብዙ ዓመት ሳልፋት ነው የኖርኩት።

ታላቅ ወንድሜ ነጋዴ ነበር። ነጋዴ ስላችሁ ባለ ሱቅ እንዳይመስላችሁ። በአንድ ፎኒክስ ሳይክል ላይ ሳሙና፣ ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይና የፀጉር ቅባት ጭኖ ከገበያ ገበያ የሚዞር ሰው ነበር። የገጠር ገበያ ቀኑ የተለያየ ስለሆነ፣ ዛሬ በዚህ አቅጣጫ ነገ በዚያ አቅጣጫ ይሄዳል። ሳይክል ስለያዘም ዋናውን መንገድ አይወድም፤ በየእንሰቱ ጀርባ፣ በየግጦሹ ዳር የሚያልፉትን አቋራጮች ሁሉ ያውቃቸው ነበር። ቅዳሜ አንዳንዴ እኔን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ያስቀምጠኝና «አጥብቀህ ያዘኝ» ይለኛል። ከዚያ ጊዜ የቀረኝ ትዝታ የሸሚዙ ሽታና የሰንሰለቱ ድምፅ ነው።

በ2005 ዓ.ም. እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። በዚያው ዓመት እሱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ነገሩ እንዲሁ የተገጣጠመ አይደለም። ቤታችን ሁለታችንንም የሚችልበት አቅም አልነበረውም፤ አንዱ ይማር፣ አንዱ ወጥቶ ይሥራ ተባለ። እሱ በሞያሌ ወጣ፤ ኬንያን፣ ታንዛኒያን ተሻግሮ በስንት መከራ ደረሰ። ከሀዲያና ከከምባታ ለመጣችሁ ይሄን ታሪክ ማብራራት አይጠበቅብኝም። ወንድም፣ የአክስት ልጅ ወይም የክፍል ጓደኛ እዚያ የሌለው ማን አለ? ሆሳዕና ውስጥ ከምናያቸው ፎቆች ስንቱ በዚያ ገንዘብ እንደቆመ እናውቃለን። እኔም በዚያ ገንዘብ ነው ተምሬ የወጣሁት። ሳይክሉ ግን ፎንቆ፣ እናቴ ቤት፣ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ቀረ።

ወንድሜ እሑድ እሑድ ይደውላል። ጤና ከተጠያየቅን በኋላ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ መንገድ ነው። «ከቁልቁለቱ በታች ያለችው ምንጭ አለች? ከፊቷ ያለው ዋርካ አልተቆረጠም? በዚያ በኩል አሁንም ወደ ገበያው ይወጣል?» ይለኛል። እኔም «አለ፣ አለ» እላለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላውቅም ነበር። ሆሳዕና እየኖርኩ እናቴን ለመጠየቅ በወር አንዴ እሄዳለሁ። መናኸሪያ ገብቼ ሚኒባስ ውስጥ እቀመጣለሁ፤ ስልኬን አወጣለሁ፤ ቀና ስል ፎንቆ ደርሻለሁ። ከመስኮቱ ውጭ ያለው አገር ለእኔ የሚሮጥ አረንጓዴ ነገር ነበር።

አንድ እሑድ ወንድሜ ነቃብኝ። «አንተ መሐንዲስ ነህ፤ ያንን መንገድ አታውቀውም እንዴ?» አለኝ። ሊያስቀይመኝ ብሎ አይደለም፤ ገርሞት ነው። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በሚቀጥለው ወር ፎንቆ ስሄድ ሳይክሉን ከግድግዳው አወረድኩት። እናቴ «ምን ልታደርገው ነው?» አለችኝ። «ልነዳው» አልኳት። ጎሚስታው ዘንድ ወሰድኩት፤ ሁለቱንም ካማንዳሪያ ቀየረ፣ ፍሬኑን አጠበቀ፣ ሰንሰለቱን ዘይት ቀባ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከአሁኑ ይሻላል፤ ብረቱ ብረት ነው» አለኝ። ከባድነቱን ዳገት ላይ ስወጣ ነው የተረዳሁት።

የመጀመሪያውን ቀን በአስፋልቱ ነው የወጣሁት፤ ሌላ መንገድ መኖሩ ትዝ አላለኝም። ሩብ ሰዓት አልሄድኩም። አንድ የጭነት መኪና በአጠገቤ ሲያልፍ ነፋሱ ብቻ ገፍቶ ቦይ ውስጥ ጣለኝ። ጉልበቴ ተላጠ፣ ሱሪዬ ተቀደደ። እዚያው ቁጭ ብዬ አሰብኩ። በአገራችን በየዓመቱ ሰው በሺዎች በመንገድ ላይ ይሞታል፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ እግረኞች ናቸው። ይሄን በቁጥር አውቀዋለሁ፤ ሥራዬ ነው። ቦይ ውስጥ ሆኜ ግን በሌላ መልክ ገባኝ። አስፋልቱ ላይ ለሳይክልም ለእግረኛም ቦታ አልተውንም።

ተነሥቼ ሳይክሉን እየገፋሁ ወደ ግራ በምትታጠፈው የጠጠር መንገድ ገባሁ። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ከሄድኩ በኋላ የመኪናው ድምፅ ጠፋ። በቃ፣ ጠፋ። የቀረው የወፍ ድምፅ፣ የጠጠሩ ኮሽታና የሆነ ቦታ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ምሳር ነው። እንደዚያ ያለ ጸጥታ በሕይወቴ ሰምቼ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ሰምቼማ ነበር፤ ከወንድሜ ጀርባ ተቀምጬ።

ያ የጠጠር መንገድ ከየት መጣ? መምህሮቻችን ታውቁታላችሁ፤ ለሌሎቻችሁ ግን ላስታውስ። በ2003 ዓ.ም. «ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም» የሚባል ሥራ በአገር ደረጃ ተጀመረ። ዓላማው እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ማገናኘት ነበር። ከእኛ ተመራቂዎች ስንቱ እንጀራውን የጀመረው በዚያ ሥራ ነው! ቀያሽ የሆነ አለ፣ ተቆጣጣሪ የሆነ አለ፣ በማኅበር ተደራጅቶ ተቋራጭ የሆነም አለ። መንገዱ ተሠራ። መኪናው ግን በብዛት አልመጣም። ለምን ቢባል፣ ባለ ሚኒባሱ ሰው የሚያገኘው በገበያ ቀን ብቻ ነው፤ በሌላው ቀን ነዳጁንም አይመልስለትም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ካልሆነ በቀር በመንገዱ ላይ የምታገኙት እግረኛ፣ አህያ፣ ከብት፣ አልፎ አልፎም ሞተር ሳይክል ነው።

ሌሎች አገሮች እንዲህ ያለ መንገድ ለማግኘት ብዙ ደክመዋል። ስፔን ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተተዉ የባቡር መስመሮቿን አስተካክላ «አረንጓዴ መንገዶች» ብላ ለሳይክልና ለእግረኛ ሰጥታለች። አውሮፓ በሙሉ አገር ለአገር የሚያገናኝ የብስክሌት መስመር መረብ ዘርግቷል። ሰው ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ መኪና በሌለበት የድሮ መንደር ለድሮ መንደር ሊዞር ይሄዳል። እኛ ሳናስበው ሠርተነዋል። በየቀበሌው ተዘርግቶ ይጠብቀናል፤ እኛ ነን ያላወቅነው።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ልጆች ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ሮጡ። እኔ የፎንቆ ልጅ! ቆብ፣ መነጽርና ሳይክል ያየ ልጅ ሌላ ምን ይበል? ቆሜ በሀዲይኛ ሰላም ስላቸው ድንግጥ አሉ፤ ከዚያ ሳቁ፤ ከዚያ እስከ ዳገቱ ጫፍ ሳይክሌን ገፉልኝ።

ዳገቱ ላይ አንድ አዛውንት ከእንሰት ማሳቸው ዳር ቆመው አዩኝ። እኔን ሳይሆን ሳይክሉን ነበር የሚያዩት። ወርጄ ሰላም አልኳቸው። «ይቺ ሳይክል የዚያ የሳሙና ነጋዴው ልጅ አይደለችም?» አሉኝ። ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል እኮ! ከዚያ ጥያቄው መጣ። «አንተስ የማን ልጅ ነህ?»

ወገኖቼ፣ በዚህች ጥያቄ ላይ ትንሽ ልቁም። ከተማ ውስጥ ሰው ሲጠይቀኝ «የት ነው የምትሠራው?» ነው የሚለኝ። በሚኒባስ ስሄድ ማንም ምንም አይጠይቀኝም። በመሥሪያ ቤት ፒክአፕ ስሄድ ደግሞ ሰው ከመንገድ ዘወር ይላል እንጂ ወደ እኔ አይመጣም። በሳይክል ስሄድ ቁመቴ ከቆመ ሰው ጋር እኩል ነው፤ ፍጥነቴ ሰላምታ ያደርሳል፤ ዳገት ላይማ የግድ ቆሜ አየር እስባለሁ። ስለዚህ ሰው «የማን ልጅ ነህ?» ለማለት ጊዜ ያገኛል። አባቴን ነገርኳቸው፤ አያቴን ራሳቸው ነገሩኝ። «ወንድምህ ደህና ነው?» አሉ። ደህና ነው፣ ስለ ምንጯም ይጠይቀኛል አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ና፣ ላሳይህ» ብለው ወደ ቁልቁለቱ መሩኝ።

ዋርካው አለ። ምንጯም አለች። ወደ ምንጯ የሚወስደው መንገድ ግን የለም። በመሐሉ ሰው የሚውጥ ቦረቦር ተሰንጥቋል። ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ዙሪያውን ይሄዳሉ። የአዛውንቱ የእንሰት ማሳም ግማሹ ወደ ገደሉ ወርዷል።

ቦረቦሩን በዓይኔ ተከትዬ ወደ ላይ አየሁ። የሚጀምረው ከመንገዱ ነው። ከአንድ የውሃ ማስተላለፊያ ቱቦ አፍ።

ያንን ቱቦ አውቀዋለሁ። በ2010 ዓ.ም. የርክክብ ሰነዱ ላይ ከፈረሙት አንዱ እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ላስረዳችሁ፤ የሌላ ትምህርት ክፍል ልጆችም ይገባችኋል። መንገድ ከመሠራቱ በፊት ዝናቡ በሣሩ ላይ ተበትኖ ይወርዳል፤ ግማሹን መሬቱ ይጠጣዋል። መንገድ ስትሠሩ ከጎኑ ቦይ ትቆፍራላችሁ። ቦዩ የዳገቱን ውሃ ሁሉ ሰብስቦ ወደ አንድ ቱቦ ያመጣዋል፤ ቱቦውም በአንድ አፍ ይተፋዋል። ተበትኖ ሲወርድ ሣር ያበቅል የነበረ ውሃ፣ ተሰብስቦ ሲወርድ መሬት ይቆርጣል። ዳገቱ በቆመ ቁጥር ውሃ ማስወጫዎቹ መቀራረብ አለባቸው፤ የቱቦው አፍም በድንጋይ መነጠፍ አለበት። ይሄን ከዚህ ግቢ ነው የተማርኩት፤ ፈተናም ላይ መልሼዋለሁ። ቦታው ላይ ግን ምን አደረግኩ? በፒክአፕ መጣሁ፣ ቱቦው በሥዕሉ ላይ እንዳለው መቀመጡን አየሁ፣ ፈረምኩ፣ ሄድኩ። ከቱቦው በታች ሃምሳ እርምጃ አልወረድኩም። ምንጯን አላየሁም። በልጅነቴ ውሃ የጠጣሁባት ምንጭ ናት!

አዛውንቱ ይሄን አያውቁም። «መንገዱን አንጠላውም፤ ወላድ ያስወጣልናል፣ ምርት ያስወጣልናል። ግን ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ያሰበ ሰው አልነበረም» አሉኝ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ለትንሽ ጊዜም ዝም ብያለሁ። ከዚያ «አባባ፣ ያላሰበው ሰው እኔ ነኝ» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ታዲያ ያኔ ለምን አልጠየቅከንም?» አሉኝ። እስከ ዛሬ መልስ የለኝም።

ቤታቸው አስገቡኝ። አታካና ቀረበልኝ፤ ቅቤውና ወተቱ ያልተቆጠበ። ማሳውን ያበላሸሁበት ሰው ምግብ አብልቶ ሸኘኝ። በእኛ አገር እንዲህ ነው፤ ይሄ ደግሞ ከስድብ ይበልጥ ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ከወረዳው ባለሙያዎችና ከቀበሌው ሰው ጋር ተነጋገርን። ጥር ላይ ሕዝቡ ለተፋሰስ ልማት ሲወጣ ያንን ቦረቦር ከሥራው ውስጥ አስገቡት። ከቱቦው በላይ ሦስት ማስወጫ ከፈትንና ውሃውን ከፋፈልነው፤ አንዱን ወደ ከብት ማጠጫ ኩሬ መራነው። የቱቦውን አፍ በድንጋይ አነጠፍን፤ ቦረቦሩ ውስጥ የድንጋይ ክትር ሠራን፤ ዳር ዳሩን ደሾ ሣር ተከልን። ብዙ ገንዘብ አልጠየቀም። በመጀመሪያው ቀን ቁልቁለቱን ወርጄ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ይሠራ ነበር። ሁለት ክረምት አለፈ፤ ቦረቦሩ መጥለቁን አቁሟል፤ ወደ ምንጯም በድንጋይ መሻገሪያ ይኬዳል። የሄደው እንሰት ግን አልተመለሰም። እንሰት እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። አዛውንቱ አዲስ ተክለዋል፤ እኔም ችግኙን በሳይክል ተሸክሜ ከሰጡት አንዱ ነኝ። ዕዳዬ ተከፈለ አልልም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሳይክሉን አልተውኩትም። በየወሩ አንድ ቅዳሜ አገሬን በጠጠር መንገድ እዞራለሁ። ከፎንቆ ወደ ቦኖሻ በኩል ቁልቁል ወርጃለሁ፤ የሻሾጎ ሜዳ ይከፈትላችኋል፣ ቦዮ ሐይቅ ረግረጉን ይዞ ይታያል፣ የብላቴ ወንዝ አገር ነው። ሲወርዱት ደስ ይላል፤ ሲመለሱ ያስለቅሳል። ወደ ከምባታ ተሻግሬ ዱራሜ አጠገብ ያለውን ሐምበሪቾን አይቻለሁ፤ 777 ደረጃ የተሠራለት ተራራ ነው፤ ሳይክሉን ከሥር አስጠብቄ በእግሬ ወጣሁ። የከምባታ ሽማግሌዎች የጎሳዎቻቸውን መነሻ ከዚህ ተራራ ጋር አያይዘው ነው የሚያወሩት፤ ከላይ ሆኖ ቁልቁል ላየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በወልቂጤ በኩል ጉራጌ ገብቼም በጀፎሮ ላይ ነድቻለሁ። ጀፎሮን ያላየ ካለ፣ በሁለት ረድፍ ቤቶች መሐል የተዘረጋ ሰፊ የሣር ጎዳና ነው። ከብት ይሄድበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል፣ ለቅሶና ሠርግ ይቆምበታል፤ ማንም አጥሩን አልፎ አይነካውም፤ ጠባቂው የመንደሩ ደንብ ነው። አባቶቻችን መኪና ሳይመጣ መንገድ ለሰው መሆኑን አውቀው ነበር። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ «መንገድ ለሰው» ብላ በወር አንድ እሑድ ጎዳናዋን ለእግረኛ መክፈት ስትጀምር ብዙዎቻችን ከውጭ የመጣ ነገር መስሎን ነበር። ጀፎሮ ላይ የነዳ ሰው እንደዚያ አይመስለውም።

ታሪክም በዚህ ፍጥነት ነው የሚገባው። የዩኒቨርሲቲያችን ስም ዋቸሞ የሆሳዕና የጥንት ስም ነው። ሆስፒታላችን የንግሥት ዕሌኒ መሐመድን ስም ይዟል። በየቀኑ በበሩ እናልፋለን፤ ስንቶቻችን ማን እንደነበረች እናውቃለን? የሀዲያው ገራድ ልጅ፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት፣ በስተርጅና ለሕፃኑ ለዐፄ ልብነ ድንግል አገር ያስተዳደረች፣ ከ500 ዓመት በፊት ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላከች ሴት ናት። ያኔ መልእክተኛ በበቅሎ ነበር የሚሄደው፤ በመንገዱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን መንደር እያደረበት። ያንን ታሪክ በመጽሐፍ ካነበብኩት ይልቅ አንድ ዳገት በላብ ከወጣሁ በኋላ ነው ርቀቱ የተሰማኝ።

አሁን ልሞክረው ለምትሉ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ፤ ስንቱን በውድቀት ነው የተማርኩት። ጊዜው ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ ዝናቡ ቆሟል፣ አቧራው ገና አልተነሣም፣ ስንዴው ቢጫ ሆኗል። ያሆዴ አልፎ ሰውም ፊቱ ብሩህ ነው። ክረምት ላይ አትሞክሩት፤ ቀዩ ጭቃ ጎማውን ይይዝና ሳይክሉ እናንተን ይጋልባችኋል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሡ፤ ከ5 ሰዓት በፊት ጥላ ያዙ። ቀጭን ጎማ ጠጠር ላይ አይሆንም፤ ወፈር ያለ ጎማ አድርጉ፣ ነፋሱንም ትንሽ ቀነስ አድርጉት። ፖምፓና አንድ ትርፍ ካማንዳሪያ ያዙ፤ ጎሚስታ በየቀበሌው የለም። ውሻ ከመጣ አትሽሹ፤ ውረዱና ሳይክሉን በመሐል አድርጋችሁ በእርጋታ ሂዱ። ልጅ ድንጋይ ካነሣ ቀድማችሁ ሰላም በሉት፤ ሰላም የተባለ ልጅ ድንጋዩን ይጥላል። የገበያ ቀን ጸጥታ ለምትፈልጉ አይሆንም፤ ሰው ለምትፈልጉ ግን እንደሱ ያለ የለም።

«ኢትዮጵያዊ ሳይክል አይወድም» የሚሉም አሉ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጎን ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሄዳችሁ እዩ፤ ሳይክል የኑሮ ዕቃ ነው። ዳገቱ ነው የሚከብደን እንጂ መውደዱስ ይወደዳል።

ላጠቃልል። ከዚህ መድረክ የምጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው።

አንደኛ፣ የምሕንድስና መምህሮቻችንን። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቻችሁን አንድ የቀበሌ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሳይክል ወይም በእግር አስኪዱልኝ። በመኪና አይሆንም። እያንዳንዱን ቱቦ ወርደው ከሥሩ ይዩ፤ ከሥሩ ያለውን ባለ ማሳም ይጠይቁ። እኔ የሠራሁትን እንዳይሠሩ።

ሁለተኛ፣ የታሪክ፣ የጂኦግራፊና የቱሪዝም መምህሮቻችንን። ከፎንቆ እስከ ዱራሜ፣ ከሆሳዕና እስከ ቦዮ ሐይቅ ያለውን ጸጥተኛ መንገድ በካርታ አስፍሩልን። ምንጩን፣ ዋርካውን፣ የድሮውን መቃብር፣ የገበያውን ቀን ጨምራችሁ። ሽማግሌዎቹ ስሙን የሚያውቁት ዛሬ ነው፤ ነገን አላውቅም።

ሦስተኛ፣ እናንተን። ነገ ጠዋት ወደየቤታችሁ ከመበተናችሁ በፊት፣ ሳይክል ያለው በሳይክሉ፣ የሌለው በእግሩ፣ ከአስፋልቱ ወጥተን ጥቂት ኪሎ ሜትር አብረን እንሂድ። ጥቂቶቻችሁ ትልልቅ ቦታ ደርሳችኋል፤ አውቃለሁ። ለአንድ ጠዋት ከመኪናችሁ ውረዱ። አንድ ሰው «የማን ልጅ ነህ? የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ ይጠይቃችሁ።

ያን ቀን ምሽት፣ ጉልበቴ እየመረቀዘ፣ ለወንድሜ እኔ ደወልኩለት። እሑድ አልነበረም፤ ደንግጦ «እማዬ ደህና ናት?» አለ። ደህና ናት አልኩት። ዋርካው አለ፣ ምንጯም አለች፣ መንገዱ ግን ተቆርጧል፣ የቆረጥኩትም እኔ ነኝ አልኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «በሳይክሉ ሄድክ?» አለኝ። አዎ። «ሰንሰለቱ አልወለቀም?» ሁለት ጊዜ ወልቋል። ሳቀ። «የላይኛው ዳገት ላይ ይወልቃል፤ ድሮም እንዲያ ነው፤ እዚያ ስትደርስ ወርደህ ግፋው» አለኝ።

አሁን እሑድ ሲደውል «አለ፣ አለ» አልለውም። ያየሁትን እነግረዋለሁ፤ ያላየሁትን «ቅዳሜ ሄጄ አይልሃለሁ» እለዋለሁ። መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ሲመጣ ግን ሳይክሉ ይጠብቀዋል፤ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።

 ነገ 12 ሰዓት፣ ከግቢው በር ላይ።